ሮቦት ወይስ ካሜራ? ስለ ምግብ ቧንቧ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው፤ ከአዳማው የፍጥነት መንገድ መግቢያ ብዙም ሳልርቅ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ። ለብዙ ዓመታት የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነበርኩ። አሁን እዚሁ ሰፈር አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። ከአርሲና ከባሌ የታመሙ ወላጆች ሲመጡ ብዙ ጊዜ የሚያርፉት እንዲህ ዳር ዳሩን ከሚኖሩት ልጆቻቸው ጋር ነው፤ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ አቃቂ። "የምግብ ቧንቧ ካንሰር" የሚል ውጤት በወጣ ማግስት ማታ በሬ ይንኳኳል። ድሮ "ይድናሉ ወይ?" ነበር የምባለው። አሁን አሁን "ሮቦቱስ?" ይሉኛል። ደጋግሜ የመለስኩትን እነሆ ጻፍኩት። የሐኪማችሁን ቃል አይተካም፤ እሱን ምን እንደምትጠይቁት ግን ያሳያችኋል።

የጉሮሮ ካንሰርና የምግብ ቧንቧ ካንሰር አንድ ነው?

በሰፈር አነጋገር ሁለቱም "ጉሮሮ" ነው። ሐኪም ቤት ግን መንገዳቸው ለየቅል ነው። ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ ያለው የከአንገት በላይ ሐኪሞች ሥራ ነው። የምግብ ቧንቧ ደግሞ ከጉሮሮ ተነስቶ፣ በደረት ውስጥ ከልብ ጀርባ አልፎ ጨጓራ ላይ የሚገጥም ነው። በአዋቂ ሰው ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። እሱን የሚያዩት የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች፣ የደረት ሰርጂኖችና የካንሰር ሐኪሞች ናቸው። በር ተሳስቶ ሳምንታት የሚያቃጥል ሰው ስላለ ነው ይህን ማስቀደሜ።

ምልክቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ሥጋና ደረቅ ምግብ አልወርድ ይላል። ቀጥሎ ፍትፍቱ። መጨረሻ ላይ ውሃም ይመለሳል። አንድ ከአርሲ የመጡ አባት ዳቦውን ወተት ውስጥ ነክረው በጣታቸው ሲጨምቁት አየሁ። "ጥርስ አስቸግሮኝ ነው" አሉኝ። ጥርሳቸው አንድም አልጎደለም። አምስት ወር ሙሉ የጨጓራ መድኃኒት ሲውጡ ከርመው ነበር። ትልቅ ሰው "ምግብ ይዞኛል፣ አልወርድ አለኝ" ካለ የሚያስፈልገው ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ ማየት) እና ናሙና ነው፤ ሌላ ፓኮ የጨጓራ መድኃኒት አይደለም።

ሮቦቱ ራሱ ነው የሚቀደው?

አይደለም። አንድ ታማሚ ወደ ውጭ የሚልክ ደላላ ለጎረቤቴ "ሮቦቱ ካንሰሩን ራሱ ፈልጎ ይለቅመዋል" ብሏት ነበር። ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ቆይቶ ግን አናደደኝ። ሰርጂኑ እዚያው ክፍል ውስጥ ከማሽኑ ጋር የተያያዘ መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። ዓይኑን መመልከቻው ላይ ተክሎ በጣቶቹና በእግሩ ያዘዋል። ታማሚው ላይ ያሉት የማሽኑ ክንዶች የእሱን እጅ ይከተላሉ። ብዙ ጊዜ ክንዶቹ አራት ናቸው፤ አንዱ ካሜራውን ይይዛል። በሰፊው የታወቀው ዳ ቪንቺ የሚባለው ሲሆን አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ስሙ ሮቦት ይሁን እንጂ ሰርጂኑ እጁን ካላንቀሳቀሰ ቆሞ ነው የሚያድረው።

ታዲያ በካሜራ ከሚሠራው በምን ይለያል?

ውስጥ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው። ካንሰሩ ያለበት የቧንቧው ክፍል ይወጣል። በዙሪያው ያሉት የሊምፍ ዕጢዎች፣ እኛ ንፍፊት የምንላቸው፣ ይለቀማሉ። ጨጓራ እንደ ቱቦ ተደርጎ ይሰፋና ወደ ደረት ወይም ወደ አንገት ተስቦ ከቀረው ቧንቧ ጋር ይገጠማል። በሁለቱም ዘዴ ደረት አይከፈትም፤ ካሜራውና መሣሪያው በትናንሽ ቀዳዳዎች ነው የሚገባው።

ልዩነቱ መሣሪያው ላይ ነው። በተለመደው የካሜራ ቀዶ ሰርጂኑ የሚይዘው ረጅምና ቀጥ ያለ ዘንግ ነው። ለቡና ፍም በረጅም መቆንጠጫ ስታነሱ አስቡት። መያዝ ይያዛል፤ ጫፉ ግን አይታጠፍም። የሮቦቱ መሣሪያ ጫፉ ላይ እንደ እጅ አንጓ ይታጠፋል፣ ይዞራል። የእጅ መንቀጥቀጥን ያጣራል። ምስሉም ጥልቀት ያለው ነው። ከልብ ጀርባና ከአንገት ሥር ባለው ጠባብ ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚያጎድለውም አለ፤ በሥራ ላይ ካሉት ማሽኖች አብዛኞቹ የመዳሰስ ስሜት ለእጅ አያደርሱም። ሰርጂኑ ክሩ ምን ያህል እንደተወጠረ በዓይኑ ነው የሚገምተው።

በቁርጥ ንገሪን፤ የትኛው ይሻላል?

በቁርጥ የሚነገረው ሮቦትና ካሜራ ላይ ሳይሆን ትልቁ መቁረጥና ትናንሾቹ ቀዳዳዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአውሮፓ ጥናት አለ። በሦስት አገሮች የሚገኙ አምስት ሆስፒታሎች 115 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። በክፍት፣ ማለትም ደረታቸው ተከፍቶ ከተቀደዱት 29 በመቶው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሳንባቸው አመረቀዘ። በካሜራ ከተቀደዱት ግን 9 በመቶው ብቻ። ምክንያቱ አያስቸግርም። ደረቱ የተከፈተ ሰው ሲያምመው በደንብ አይስልም፤ ያልሳለ ሰው ደግሞ አክታው ሳንባው ውስጥ ይተኛል።

ሮቦትን ከካሜራ ጋር ፊት ለፊት ያጋጠመው ትልቅ ጥናት ቻይና ውስጥ ነው የተሠራው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። ስድስት ሆስፒታሎች፣ 358 ታማሚዎች። የሮቦቱ ቀዶ በአማካይ 204 ደቂቃ ፈጀ፣ የካሜራው 245። የተወሳሰበ ችግር የገጠማቸው በሮቦት 48.6 በመቶ፣ በካሜራ 41.8 በመቶ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ይህን ልዩነት እንደ ልዩነት አልቆጠሩትም፤ ዕጣ ብቻውን ሊያመጣው የሚችል ነው።

ሮቦቱ ጎልቶ የታየው አንድ ቦታ ላይ ነው። ወደ ድምፅ ማውጫ የሚሄድ ቀጭን ነርቭ በግራ በኩል አለ፤ አጠገቡ ንፍፊቶች ተደርድረዋል። እነሱን በአግባቡ መልቀም በሮቦት በ79.5 በመቶው ተሳካ፣ በካሜራ በ67.6 በመቶው። በኋላ በታይዋንና በቻይና የተደረገ ሌላ ጥናትም ይህንኑ ነርቭ ብቻ ለይቶ አየና ሮቦቱን አስበለጠ። ጉዳዩ ለእኛ ቅርብ ነው። እዚህ አገር በብዛት የሚታየው ስኳመስ የሚባለው የካንሰር ዓይነት ሲሆን ወደነዚያ ንፍፊቶች መዝለል ይወዳል። ንፍፊት በደንብ ተለቀመ ማለት ግን ዕድሜ ረዘመ ማለት አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያወራ ሰው ካጋጠማችሁ ጠጋ ብላችሁ ጠይቁት።

እኔን ካላችሁኝ፣ ሮቦት ጥሩ መሣሪያ ነው። ቤት የሚያሸጥ ግን አይደለም።

ሰርጂኑን ምን ብዬ ልጠይቀው? ያፍራል፣ ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነው

ቢቆጣም ይጠየቅ። አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በአራት የአውሮፓ ሆስፒታሎች በካሜራ የተቀደዱ 646 ታማሚዎችን ተከታተለ። ጥያቄው "ሰርጂኖች ይህን ሥራ እስኪለምዱት ስንት ታማሚ ይፈጃል?" የሚል ነበር። መልሱ 119 ሆነ። ከዚያ በፊት ጨጓራውና ቧንቧው የተገጠሙበት አዲሱ ስፌት ያፈስ የነበረው 18.8 በመቶው ላይ ነው። እጃቸው ከገባ በኋላ ወደ 4.5 በመቶ ወረደ። ይህን ከላይ ካየነው የሮቦትና የካሜራ ልዩነት ጎን አስቀምጡትና ፍርዱን ስጡ።

ስለዚህ ጥያቄው "ሮቦት አላችሁ?" አይሁን። "ባለፈው ዓመት ይህን ቀዶ ስንት ጊዜ ሠራችሁ? ከነዚያ ውስጥ ስንቱ አፈሰሰ?" በሉ። አስከትላችሁ "ማታ ችግር ቢፈጠር ማን ይጠራል? ጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ይያዝልናል?" ጥሩ ሰርጂን ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል። "እግዚአብሔር ያውቃል" ብቻ ካለ ሌላ ሰው አማክሩ። እግዚአብሔርማ ያውቃል፤ እኛ ነን የማናውቀው።

የማታው ጥያቄ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። እሠራበት በነበረው ሆስፒታል አንድ ታማሚ ግሩም ቀዶ ተሠራለት። አምስተኛው ቀን ላይ ተነስቶ ኮሪደሩን ይዞር ነበር። በስድስተኛው፣ ቅዳሜ ማታ፣ ትንሽ ትኩሳት አመጣ። የልቡ ምት 120 ገባ። "ሳንባ ነው" ብለን አንቲባዮቲክ ቀየርን። ሰኞ ጠዋት ሲቲ ስካን ሲነሳ የተሰፋው ቦታ አፍስሶ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር አልጋ ላይ ከረመ። ሰርጂኑ የቀደደበት ዘዴ አላጠፋም። ቅዳሜ ማታ ነው ያጠፋው፤ እኔም አንዷ ነበርኩ።

መሬቱን ሸጠን ውጭ እናሳክማቸው?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ሻይ ሳላፈላ አልመልስም፤ ረጅም ነው። ሕንድ፣ ቱርክ፣ ታይላንድ ይባላል። እዚያ ጥሩ ሐኪሞች አሉ፣ ሮቦቱም አለ። ነገር ግን የሕክምናው ወጪ የቀዶው ብቻ አይደለም። ከቀዶው በፊት ለሳምንታት ጨረርና ኬሞ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ሰውነት እስኪያገግም ይጠበቃል። ቀዶው፣ ሆስፒታሉ፣ ከወጡ በኋላ ያለው ክትትል ይከተላል። ወራት ናቸው፤ ሁለት ሰው ሆኖ፣ ቤት ተከራይቶ። ብዙ ቤተሰብ ብሩን ለቀዶው ቆጥሮ ይሄድና ስፌቱ ቢያፈስ ለሚመጣው ተጨማሪ ሦስት ሳምንት የሚሆን አያስቀርም።

ለሮቦቱ ብላችሁ ከሆነ አትሽጡ። የምትሄዱት እዚህ የጨረር ወረፋው ረዝሞባችሁ ከሆነ፣ ወይም ቀዶውን ደጋግሞ የሚሠራ ቡድን አጥታችሁ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ ምክንያት ሚዛን ይደፋል። ከወሰናችሁ የሲቲ ስካኑን ሲዲ፣ የኢንዶስኮፒውን ወረቀትና የናሙናውን ስላይድ ይዛችሁ ሂዱ። ደላላው "እዚያ እንደገና ይሠራል" ይላል። ይሠራል፤ በእናንተ ብር።

"በክፍት ነው የሚሠራልህ" ብለውኛል። ቀረብኝ ማለት ነው?

እዚህ አገር አብዛኛው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ቀዶ የሚሠራው በክፍት ነው። ደጋግሞ በሠራ እጅ የሚሠራ ክፍት ቀዶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በካሜራ ከሚሞክር እጅ ይሻላል። የሳንባው አደጋ ከፍ ይላል ብለናል። እሱን ለመቀነስ የእናንተም ድርሻ አለ። ሲጋራ ዛሬ ይቁም። ጫትም እንዲሁ። ከቀዶ በፊት በጥልቀት መተንፈስ ተለማመዱ። ከቀዶ በኋላ ደግሞ ማስታገሻ ጠይቁ፤ "ችዬዋለሁ" የሚል ጀግንነት እዚህ ዋጋ ያስከፍላል። ያመመው ሰው አይስልም።

ለምን ቶሎ አይቀዱም? መጀመሪያ ኬሞና ጨረር ለምን?

ካንሰሩ የቧንቧውን ግድግዳ ዘልቆ ከሆነ ወይም ንፍፊት ጋ ከደረሰ መጀመሪያ ማሳነሱ ዕድሜ እንደሚጨምር በደንብ ተረጋግጧል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት በአምስት ሳምንት ውስጥ 23 ጊዜ ጨረር ከኬሞ ጋር ሰጠ። ስኳመስ ከነበረባቸው ግማሽ በሚጠጉት፣ በኋላ ተቀዶ የወጣው ቧንቧ ሲመረመር በሕይወት ያለ የካንሰር ሴል አልተገኘበትም። ስለ መቅደጃ ዘዴ ከምንጨቃጨቅ ይህን ክፍል በሰዓቱ ብናገኝ የበለጠ እናተርፋለን።

ዕጢው ጠፍቷል ካሉ ታዲያ ለምን ይቀዳሉ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሐኪሞቹም ራሳቸው ይከራከሩበታል። እዚያው ኔዘርላንድስ የተደረገ አዲስ ጥናት፣ ካንሰሩ የማይታይባቸውን ሰዎች ሳይቀዱ በቅርብ መከታተል በሁለት ዓመት ውስጥ ከመቅደድ እንደማያንስ አሳይቷል። ቁልፉ "በቅርብ መከታተል" የሚለው ላይ ነው። በየጥቂት ወሩ ኢንዶስኮፒ፣ ናሙና፣ ስካን። "ደህና ነኝ" ብሎ ባሌ ገብቶ የሚቀር ሰው ይህን ባይመርጥ ይሻለዋል።

ቀዶ አይሆንም ተባልን

ካንሰሩ ጉበት ወይም ሳንባ ከደረሰ በሮቦትም በካሜራም አይቀደድም። ይህ ሕክምና አለቀ ማለት አይደለም። ስቴንት የሚባል የሽቦ መረብ ቱቦ በኢንዶስኮፒ ገብቶ የጠበበውን ቦታ ይከፍታል። ደረት አይቀደድም። ውሃ እንኳን አልወርድ ያለው ሰው በቀናት ውስጥ ሾርባና አጥሚት ሲጠጣ አይቻለሁ። ጨረርም ይከፍታል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው።

ከቀዶ በኋላ ድምፃቸው ተዘጋ

ያ ወደ ድምፅ ማውጫ የሚሄደው ቀጭን ነርቭ ተነክቶ ወይም ተወጥሮ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። ከድምፁ ይልቅ የሚያሳስበኝ ትንታ ነው። ውሃ ሲጠጡ የሚያስላቸው ከሆነ ለሐኪሙ ሳትነግሩ አታብሉ፤ ወደ ሳንባ ነው የሚገባው።

ምን ይብሉ? ጾሙስ?

ጨጓራ ማጠራቀሚያ መሆኑ ቀርቷል፤ አሁን ቧንቧ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ በትሪ መብላት አበቃ። ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ፣ በትንሽ ሰሃን። በደንብ የራሰ ፍትፍት፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ አጥሚት። ውሃ ከምግቡ ጋር ሳይሆን በመሀል በመሀል። ከበሉ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አይተኙ። ሲተኙም ከወገብ በላይ ከፍ ብለው ይሁን፤ አንድ ተጨማሪ ትራስ አይበቃም፣ የአልጋውን ራስጌ እግሮች በእንጨት ከፍ አድርጉት። ጣፋጭ ነገር ከበሉ በኋላ ልብ ምት፣ ላብና ተቅማጥ ከመጣ ጣፋጩን ቀንሱ።

በአንጀት ላይ የመመገቢያ ቱቦ ከተተከለ አጥሚቱ ተጠልሎ ቀጭን ይሁን። ሲጨርሱ በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ሰፈራችን ውስጥ በወፍራም አጥሚት የተደፈነ ቱቦ ስንቱን እሑድ አበላሽቶብኛል።

ጾሙን በተመለከተ የነፍስ አባትን ወይም ኢማሙን ቀድማችሁ አነጋግሩ። እስካሁን ያጋጠመኝ ሁሉ "ለታመመ አልተጻፈም" ነው ያለው። አስቸጋሪዎቹ ታማሚዎቹ ናቸው።

ከቡናና ከገንፎ ነው የመጣው ይሉናል

ከኢትዮጵያ ተነስቶ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ ይህ ካንሰር የበዛበት መስመር አለ፤ አርሲና ባሌ እዚያ ውስጥ ናቸው። አንድ ነጠላ መንስኤ ግን የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀ መጠጥን "ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም" ከሚላቸው ጋር መደበው። ቡናው ራሱ አልተወቀሰም፤ ትኩሳቱ እንጂ። ትንባሆና አልኮል የታወቁ ናቸው። አቦሉ ትንሽ ይቆይ፣ ገንፎውም ከጠርዙ ይበላ። ለታመሙት ግን "ራስህ ነህ ያመጣኸው" አትበሏቸው።

አራተኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍት የለም። ከቀዶ በኋላ የት እናስቀምጣቸው?

እዚያው። ደረጃውን እንደ ጠላት አትዩት። ከቀዶ በፊት ባሉት ሳምንታት በቀን ሁለት ጊዜ የቻሉትን ያህል ያስወጧቸው፤ ሳንባ የሚጠነክረው እንዲህ ነው። ሰርጂኖችም "ሳያርፉ ስንት ፎቅ ይወጣሉ?" ብለው የሚጠይቁት ለዚሁ ነው። ዳቦ በወተት ሲጨምቁ ያየኋቸው አባት መጀመሪያ የመጡ ቀን በሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመው ነበር የተነፈሱት። ቀዶ ሊገቡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው እኔ በር ላይ ቆሜ ቁልፍ ስፈልግ፣ ከዘራቸውን በብብታቸው አድርገው አልፈውኝ ወጡ።